በአዲስ አበባ ዙሪያ ባለ ላብራቶሪ (ላብ) የሰው ሕዋስ እርጅናንና የማይቶኮንድሪያ ሥራን መለካት፦ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የሰው ፋይብሮብላስት (የቆዳና የሌሎች አካላትን ደጋፊ ሕብረ ሕዋስ የሚሠራ ሕዋስ) እያሳደጉ ሕዋሱ እንዴት እንደሚያረጅ፣ ሲያረጅም ማይቶኮንድሪያው (የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ) ምን እንደሚሆን መለካት ለሚፈልጉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና የላብ ባለሙያዎች ነው። የተጻፈው ቂሊንጦ፣ አቃቂ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ ወይም ሱሉልታ አካባቢ ላለ ላብ ነው። ቦታውን ለይተን የጠራነው በምክንያት ነው። ከውጭ የሚመጡት ፕሮቶኮሎች አብዛኞቹ ላቡ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ እንደማይል ቆጥረው የተጻፉ ናቸው። እዚህ ግን አየሩ ስስ ነው፣ መብራት ይጠፋል፣ በጋው ደረቅ ነው፣ ክረምቱም ሻጋታ ይዞ ይመጣል። እነዚህ ሁሉ ሕዋሱን ያስጨንቁታል፤ የተጨነቀ ሕዋስ ደግሞ ላይ ላዩን ሲያዩት ያረጀ ይመስላል። ስለዚህ የሥራው ግማሽ እውነተኛውን እርጅና ላቡ ራሱ ካመጣው ጉዳት መለየት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1961 ሊዮናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ ፊላዴልፊያ በሚገኘው ዊስታር ኢንስቲትዩት መደበኛ የሰው ፋይብሮብላስት ከ40 እስከ 60 ጊዜ ገደማ በእጥፍ ተባዝቶ እንደሚያቆም አሳዩ። የቆመው ሕዋስ አይሞትም። ይሰፋል፣ ይዘረጋል፣ ለወራት በሕይወት ይቆያል፤ ብግነት የሚቀሰቅሱ ፕሮቲኖችንም ወደ አካባቢው ይለቃል። እንደ ሄላ ያሉ የካንሰር ሕዋሳት ይህ ገደብ ስለሌላቸው ላቡ ውስጥ ያለው ሄላ ብቻ ከሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የሚያስፈልገው የማባዣ ቁጥሩ የታወቀ መደበኛ ፋይብሮብላስት ነው፤ ከፅንስ ሳንባ የመጡት ዊ-38 ወይም አይ.ኤም.አር-90፣ አለዚያም ከፈቃደኛ ለጋሽ የተወሰደ የቆዳ ናሙና። ከለጋሽ የሚወሰድ ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የለጋሹ የጽሑፍ ስምምነት ከናሙናው በፊት መቅደም አለበት።

ኢንኩቤተሩን ለከፍታው ማስተካከል

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርገን እናየዋለን።

በባሕር ጠለል የአየር ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። አዲስ አበባ ላይ 580 ገደማ ነው። አቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ትንሽ ይጨምራል፤ ሱሉልታ 2,600 ገደማ ላይ ስለሆነ ይቀንሳል። በ37 ዲግሪ ውኃ በጠገበው ኢንኩቤተር ውስጥ ከዚህ ላይ 47 የሚሆነው የውኃ ተን ነው። ስለዚህ ማሳያው ላይ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢያዩም ሕዋሱ የሚያገኘው ግፊት በባሕር ጠለል እንደሚያገኘው 36 ሚሊ ሜትር ሳይሆን 27 ገደማ ብቻ ነው። የሚዲየሙን (ሕዋሱ የሚያድግበትን ፈሳሽ) ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት ልክ፣ የሚወስነው መቶኛው ሳይሆን ይህ ግፊት ነው። ውጤቱም ሚዲየሙ በ0.13 ገደማ ወደ አልካሊ ይሄዳል። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ሕዋሱ ግሉኮስ የሚያቃጥልበትን ፍጥነትና የሚያወጣውን ላክቴት ለመለወጥ ይበቃል። የምንለካው ደግሞ ይህንኑ ነው።

ማስተካከያው እንዲህ ነው። የላቡን የአየር ግፊት በባሮሜትር ይለኩ። የአየር ትንበያ የሚነግረው ቁጥር ወደ ባሕር ጠለል የተመለሰ ስለሆነ አይጠቅምም። ከለኩት ላይ 47 ይቀንሱ፣ 36ን ለውጤቱ ያካፍሉ፣ በ100 ያባዙ። ግፊቱ 580 ከሆነ 36 ሲካፈል ለ533፣ ማለትም 6.7 በመቶ ገደማ ይመጣል። ኢንኩቤተሩን በዚያ ላይ ያድርጉት።

ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። አንዳንዱ ኢንኩቤተር ዳሳሹ ግፊትን ለክቶ እንደ መቶኛ ያሳያል፣ አንዳንዱ ከፍታውን ራሱ ያስተካክላል፣ አንዳንዱ አያስተካክልም። ስለዚህ የመጨረሻው ዳኛ የሚዲየሙ ፒኤች ነው። 10 ሚሊ ሊትር ሚዲየም በ25 ካሬ ሴንቲ ሜትር ፍላስክ ውስጥ አድርገው ክዳኑን ላላ በማድረግ ያሳድሩት። ጠዋት አውጥተው በአንድ ደቂቃ ውስጥ በፒኤች ሜትር ይለኩ፤ ከቆየ ጋዙ ይወጣና ቁጥሩ ይጨምራል። ከ7.35 እስከ 7.5 ከሆነ ጥሩ ነው። ፊኖል ሬድ (በፒኤች የሚለወጥ ቀለም) ያለበት ሚዲየም ወደ ሮዝና ወይን ጠጅ ካደላ ጋዙ አንሷል ማለት ነው።

ሚዲየሙም ልክ መሆን አለበት። የተለመደው ዲ.ኤም.ኢ.ኤም. በሊትር 3.7 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት አለው፤ ይህ መጠን የታሰበው ለ10 በመቶ ጋዝ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ለዚህ 13 በመቶ ከግማሽ ገደማ ያስፈልጋል፤ ሲሊንደሩ ቶሎ ያልቃል። የእኛ ምርጫ ዱቄቱን ገዝቶ እዚሁ መቀመም ነው። ዱቄት ለማስመጣት ይቀላል፣ የቅዝቃዜ ሰንሰለትም አይጠይቅም። ባይካርቦኔቱን ወደ 2.2 ግራም ዝቅ ያድርጉ፤ የጎደለውን ጨውነት ለመተካት በሊትር 1 ግራም ያህል ሶዲየም ክሎራይድ ይጨምሩ። ግሉኮሱ በሊትር 1 ግራም የሆነውን ዓይነት ይምረጡ። 4.5 ግራም ያለበት ሕዋሱን በስኳር ስለሚያጥለቀልቀው ማይቶኮንድሪያው ቢደክምም ጉድለቱ አይታይም። ሚዲየም በ0.2 ማይክሮን ማጣሪያ ይጣራል እንጂ አውቶክሌቭ ውስጥ አይገባም።

ኦክስጅንም እንደዚሁ ነው። በባሕር ጠለል ኢንኩቤተር ውስጥ 140 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ የሚሆነው ኦክስጅን እዚህ 105 አካባቢ ነው። ይህም ቢሆን ቆዳ ውስጥ ሕዋሱ ከለመደው እጅግ ይበልጣል። ኦክስጅን ሲቀንስ የሰው ፋይብሮብላስት ብዙ ጊዜ እንደሚባዛ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ስለዚህ እዚህ ያደገ ሕዋስ ለንደን ከተደረገ ሙከራ ጥቂት እጥፍ ጨምሮ ቢባዛ አያስገርምም። በሪፖርቱ ውስጥ «21 በመቶ ኦክስጅን» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ግፊቱን ይጻፉ።

የእርጥበቱን ነገር በአጭሩ፦ ከኅዳር እስከ የካቲት አየሩ በጣም ስለሚደርቅ የውኃ ትሪው ቶሎ ይጎድላል። በየሁለት ቀኑ ያዩት፤ ሁልጊዜ የተጣራ ውኃ ይጠቀሙ፣ የጉድጓድ ውኃ ትሪውንና ዳሳሹን ኖራ ያለብሳል።

አውቶክሌቭ

ባሕር ጠለል ላይ 121 ዲግሪ ለመድረስ ጌጁ 15 ፒኤስአይ ማሳየት አለበት። እዚህ 15 ላይ የሚያቆም አውቶክሌቭ የሚደርሰው 117 ገደማ ብቻ ነው። 121 ለማግኘት 18.5 ፒኤስአይ አካባቢ ያስፈልጋል። በሙቀት የሚቆጣጠር ማሽን ካለዎት ሙቀቱን ብቻ ይመኑ። ማሽኑ ግፊቱን በክዳኑ ላይ ባለ ክብደት የሚቆጣጠር፣ ምድጃ ላይ የሚጣድ ዓይነት ከሆነ ክብደቱን በፍጹም አይነካኩ፤ 15 ደቂቃ የሚለውን ወደ 40 ያራዝሙት። በየወሩ አንድ ጊዜ የባክቴሪያ ስፖር ያለበትን መፈተሻ አብረው ያስገቡ። ቀለም የሚቀይረው ቴፕ ሙቀት መግባቱን እንጂ ስፖር መሞቱን አይናገርም።

ሕዋሱን ማሳደግና እጥፉን መቁጠር

ረጅሙን ሙከራ ከመስከረም በኋላ ይጀምሩ። በሐምሌና በነሐሴ የሻጋታ ስፖር በአየሩ ውስጥ ይበዛል፤ ለወራት ያሳደጉት ፍላስክ በአንድ ሌሊት ሊጠፋ ይችላል።

ሴረሙን (ሚዲየሙ ላይ የሚጨመረውን የደም ፈሳሽ) ለጠቅላላው ሙከራ የሚበቃ ከአንድ ባች ይግዙ። መሀል ላይ ባች ከተለወጠ የመባዛቱ ፍጥነት ይለወጣል፤ ያንን ከእርጅና መለየት አይቻልም። በመንገድ ላይ ቀልጦ እንደገና የበረደ ሴረም ውስጥ ብዙ ነጭ ዝቃጭ ይታያል፤ እንዲህ ያለውን ለረጅም ሙከራ አያውሉት።

1. ቫያሉን ከፈሳሽ ናይትሮጅን አውጥተው በ37 ዲግሪ ውኃ ውስጥ እያወዛወዙ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ያቅልጡ። ትንሽ በረዶ ሲቀር ያውጡ። ወደ 10 ሚሊ ሊትር ሞቅ ያለ ሚዲየም ቀስ እያሉ ጨምረው 75 ካሬ ሴንቲ ሜትር ፍላስክ ላይ ያፍስሱ። በማግስቱ ሚዲየሙን ይቀይሩ።

2. ሕዋሱ የፍላስኩን ወለል ከ70 እስከ 80 በመቶ ሲሸፍን ወደ አዲስ ፍላስክ ያሳልፉ። ካልሲየምና ማግኒዚየም በሌለው ፒ.ቢ.ኤስ. (የጨው ማጠቢያ ፈሳሽ) ሁለት ጊዜ ይጠቡ፤ ሴረም ከቀረ ትሪፕሲኑ አይሠራም። 2 ሚሊ ሊትር 0.05 በመቶ ትሪፕሲን (ሕዋሱን ከፍላስኩ የሚያላቅቅ ኢንዛይም) ጨምረው 3 ደቂቃ በ37 ዲግሪ ያቆዩ፣ በማይክሮስኮፕ ያረጋግጡ፣ ሴረም ባለው ሚዲየም ያስቁሙ። ያረጀ ሕዋስ አጥብቆ ስለሚይዝ 5 ደቂቃ ሊፈልግ ይችላል።

3. በ200 ጂ ለ5 ደቂቃ ሴንትሪፊውጅ ያድርጉ፤ ከትሪፓን ብሉ (የሞተውን ሕዋስ የሚያቀልም ቀለም) ጋር ቀላቅለው በኒውባወር መቁጠሪያ ይቁጠሩ።

4. በካሬ ሴንቲ ሜትር 4,000 ሕዋስ ይዝሩ፤ ለ75 ፍላስክ 300,000 ማለት ነው።

«ፓሴጅ 12» (12 ጊዜ የተላለፈ) የሚለው ቁጥር ስለ ዕድሜ ብዙ አይናገርም። የሚቆጠረው እጥፍ ነው፦ የተሰበሰበውን በተዘራው ያካፍሉ፣ ሎጋሪዝሙን በ10 መሠረት ይውሰዱ፣ በ3.32 ያባዙ። 300,000 ተዘርቶ 1,200,000 ከተሰበሰበ 2 እጥፍ ነው። በየጊዜው በቀደመው ላይ ይደምሩ፤ ከቀን ጋር በግራፍ ያስቀምጡት። መስመሩ ቀስ እያለ ሲተኛ ሕዋሱ እያረጀ ነው። በድንገት ከተሰበረ ግን እርጅና አይደለም፤ ያን ሳምንት ጋዝ አልቆ፣ መብራት ጠፍቶ ወይም ሴረም ተቀይሮ እንደሆነ መዝገቡን ይመልከቱ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ እጥፍ እንኳ ያልሞላ ሕዋስ አርጅቷል ተብሎ ለምርመራ ይቀርባል።

በየ5 እጥፉ ያስቀምጡ፦ በሚሊ ሊትር 1 ሚሊዮን ሕዋስ፣ 90 በመቶ ሴረምና 10 በመቶ ዲ.ኤም.ኤስ.ኦ. (ሕዋሱን ከበረዶ ጉዳት የሚጠብቅ ፈሳሽ)። በደቂቃ 1 ዲግሪ በሚያቀዘቅዘው የአይሶፕሮፓኖል ሳጥን ውስጥ በ-80 አሳድረው ወደ ናይትሮጅን ያዛውሩ። ፈሳሽ ናይትሮጅን ለከብት ማዳቀያ ስለሚፈለግ አዲስ አበባ አካባቢ ለማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቃሊቲው የማዳቀያ ማዕከልም በዚሁ ሥራ ይታወቃል። በታንኩ ውስጥ ያለውን የናይትሮጅን ከፍታ በሳምንት ሁለት ጊዜ በእንጨት ዘንግ ይለኩ።

ሽማግሌው ሕዋስ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ከተቀመጠው ወጣቱን ያቅልጡ፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያሳልፉት፣ ከዚያ ሁለቱን በአንድ ቀን ይለኩ። ወጣቱን በጥቅምት፣ ሽማግሌውን በመጋቢት ለክቶ ማወዳደር ምንም አያረጋግጥም።

ሦስተኛ ቡድንም ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ወጣቱ ይባዛል፣ ሽማግሌው አይባዛም። በሁለቱ መካከል የታየው ልዩነት ከእርጅና ነው ወይስ ካለመባዛት ብቻ? መልስ ለማግኘት ከወጣቱ ጥቂት ፍላስክ በ0.5 በመቶ ሴረም ለ3 ቀን ያስቁሙ። ይህ ቡድን አይባዛም፤ ያረጀ ግን አይደለም። ያለ እርሱ የተጻፈ የማይቶኮንድሪያ ውጤት ላይ ጥርጣሬ ቢነሣ መመለስ ያስቸግራል።

ሕዋሱ እስኪያረጅ ወራት መጠበቅ ካልተቻለ በቶሎ ለማስረጀት ዶክሶሩቢሲን (ዲ.ኤን.ኤ.ን የሚጎዳ የካንሰር መድኃኒት) 250 ናኖ ሞላር ለ24 ሰዓት ሰጥቶ፣ አጥቦ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን መጠበቅ ይቻላል። ሆኖም ዶክሶሩቢሲን ራሱ ማይቶኮንድሪያን ይጎዳል፤ በቀይ በኩልም ያበራል፤ ስለዚህ ኋላ ላይ በቀይ ማቅለሚያ የሚለካውን ያዛባል። ቀለም ያልተጨመረበት፣ መድኃኒቱን ግን የወሰደ ሳህን ሁልጊዜ አብሮ ይነሣ።

ማይኮፕላዝማ

በተለመደው ማይክሮስኮፕ አይታይም፣ ሚዲየሙን አያደፈርስም፣ የሕዋስ ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን አይገድለውም። ሕዋሱን ግን ያዘገያል፣ የሚተነፍሰውን የኦክስጅን ልክ ያበላሻል። በየወሩ ከሁለት ቀን የቆየ ሚዲየም ወስደው በፒ.ሲ.አር. ይፈትሹ። የተገኘበትን ፍላስክ ይጣሉ። መድኃኒት ሰጥቶ ማዳን ይቻላል፤ በዚያ ሕዋስ ላይ የእርጅና ጥናት መቀጠል ግን አይመከርም።

ሕዋሱ ማርጀቱን ማረጋገጥ

የታወቀው ምርመራ ከእርጅና ጋር የተያያዘው ቤታ ጋላክቶሲዴዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የቀረበ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ የላይሶሶም ኢንዛይሙ በሁሉም ሕዋስ ውስጥ አለ፣ በደንብ የሚሠራውም በፒኤች 4 አካባቢ ነው። ያረጀ ሕዋስ ግን ላይሶሶሙ ስለሚበዛ በፒኤች 6.0 እንኳ የሚታይ ያህል ይሠራል። ስለዚህ መላው ምርመራ በፒኤች ላይ የቆመ ነው፤ 5.7 ላይ ወጣቱም ሰማያዊ ይሆናል፣ 6.3 ላይ ሽማግሌውም ነጭ ይቀራል።

ሚዲየሙን አፍስሰው በፒ.ቢ.ኤስ. ሁለት ጊዜ ይጠቡ። በ2 በመቶ ፎርማልዲሃይድና 0.2 በመቶ ግሉታራልዲሃይድ ለ3 እስከ 5 ደቂቃ ብቻ ያጽኑ፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ኢንዛይሙ ይሞታል። ሁለት ጊዜ ይጠቡ። ማቅለሚያው እንዲህ ይቀመማል፦ 40 ሚሊ ሞላር የሲትሪክ አሲድና የሶዲየም ፎስፌት በፈር ፒኤች 6.0፣ 5 ሚሊ ሞላር ፖታሲየም ፌሮሳያናይድ፣ 5 ሚሊ ሞላር ፖታሲየም ፌሪሳያናይድ፣ 150 ሚሊ ሞላር ሶዲየም ክሎራይድ፣ 2 ሚሊ ሞላር ማግኒዚየም ክሎራይድ፣ በመጨረሻም በሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ኤክስ-ጋል። ኤክስ-ጋሉ በዳይሜቲል ፎርማማይድ በሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ይሟሟል፤ ፈሳሹ ፖሊስታይሪንን ስለሚበላ የፖሊፕሮፒሊን ቱቦ ይጠቀሙ።

ሳህኑን ጋዝ ወደሌለው ደረቅ የ37 ዲግሪ ኢንኩቤተር ያስገቡ። ይህን ነጥብ ደግመን እንናገራለን፤ ሕዋስ ማሳደጊያው ውስጥ ካስገቡት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ማቅለሚያውን አሲድ ያደርገውና ሁሉም ሳህን ያረጀ ይመስላል። ጠርዙን በፓራፊልም ያሽጉ፤ በበጋ ፈሳሹ ተንኖ የሚቀረው ክሪስታል ለዓይን ሰማያዊ ሕዋስ ይመስላል። ከ12 እስከ 16 ሰዓት በኋላ ቢያንስ 200 ሕዋስ ይቁጠሩ። ቆጣሪው የትኛው ሳህን የማን እንደሆነ ማወቅ የለበትም። እስከ ጥግ የሞላ ሳህን ወጣትም ቢሆን ሰማያዊ ቀለሙን ሊይዝ ይችላል፤ ስለዚህ ሦስቱም ቡድኖች በተመሳሳይ ጥግግት ይዘሩ።

አንድ ምልክት ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛው መባዛት ማቆሙን ያሳይ፤ ለ24 ሰዓት 10 ማይክሮ ሞላር ኢ.ዲ.ዩ. (አዲስ በሚሠራ ዲ.ኤን.ኤ. ውስጥ የሚገባ ምልክት) ወይም በሚባዛ ሕዋስ ውስጥ ብቻ የሚታየውን ኪ-67 በፀረ አካል ማቅለም። ሦስተኛውን በቅጽበታዊ ፒ.ሲ.አር. ማግኘት ቀላል ነው፤ ለቲቢና ለቫይረስ ምርመራ የገቡ ማሽኖች ስላሉ። ሕዋሱ ሲያረጅ የፒ21 ጂን ሥራ ቀድሞ ይነሣል፣ የፒ16 ዘግይቶ ይነሣል፣ የላሚን ቢ1 ይወርዳል። ሦስቱም ምርመራዎች እርጅናን ካመለከቱ ሕዋሱ በእርግጥ አርጅቷል።

ማይቶኮንድሪያው

ከመለካት በፊት የሚወሰን ነገር አለ፦ ውጤቱ ለምን ይካፈላል? ያረጀ ሕዋስ ከወጣቱ ብዙ እጥፍ ይሰፋል፤ ፕሮቲኑም ማይቶኮንድሪያውም ይበዛል። ስለዚህ በሕዋስ ሲካፈል «ሽማግሌው ብዙ ይተነፍሳል»፣ በማይቶኮንድሪያ ብዛት ሲካፈል ደግሞ «ሽማግሌው ደክሟል» የሚል ውጤት ከአንድ ሙከራ ሊወጣ ይችላል። ሁለቱንም ያቅርቡ። ከእያንዳንዱ ናሙና የሕዋስ ቁጥርም ሚሊ ግራም ፕሮቲንም ይያዙ።

*የገለፈት ቮልቴጅ።* ቲ.ኤም.አር.ኤም. (በማይቶኮንድሪያው ገለፈት ቮልቴጅ ልክ የሚከማች ቀለም) 20 ናኖ ሞላር ለ30 ደቂቃ በ37 ዲግሪ፤ ፎቶ ሲነሣም ቀለሙ በሚዲየሙ ውስጥ ይቆይ። ከዚህ በላይ መጠን ከተሰጠ ቀለሙ በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ተከማችቶ ራሱን ያደበዝዛል፤ ያኔ ቮልቴጁ ሲወርድ ብርሃኑ የሚጨምር ይመስላል። በሌላ ሳህን ኤፍ.ሲ.ሲ.ፒ. (ቮልቴጁን የሚያጠፋ ኬሚካል) 2 ማይክሮ ሞላር ይጨምሩ፤ ብርሃኑ በደቂቃዎች ውስጥ ካልወረደ የለኩት ቮልቴጅ አይደለም። ብዛቱን ለማወቅ ማይቶትራከር ግሪን 100 ናኖ ሞላር ይጠቅማል።

*የኦክስጅን ፍጆታ።* ክላርክ ኤሌክትሮድ (በፈሳሽ ውስጥ ያለ ኦክስጅን መለኪያ) ያለው መሣሪያ ይበቃል፤ ከፍታው እዚህም ይመጣል። በ37 ዲግሪ አየር የጠገበ ንጹሕ ውኃ በባሕር ጠለል 210 ማይክሮ ሞላር ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ እዚህ 156 ገደማ። ሶፍትዌሩ የባሕር ጠለልን ግፊት ይዞ ከተተወ እያንዳንዱ ውጤት በሲሶ ያህል ተጋንኖ ይወጣል። መጀመሪያ የዕለቱን የባሮሜትር ንባብ ያስገቡ።

በሚሊ ሊትር 1 ሚሊዮን ሕዋስ ያስገቡና መስመሩ እስኪረጋ ይጠብቁ፤ ይህ መደበኛው ትንፋሽ ነው። ኤ.ቲ.ፒ. (የሕዋሱ የኃይል ሞለኪውል) እንዳይሠራ የሚያግደውን ኦሊጎማይሲን 2 ማይክሮ ሞላር ይጨምሩ፦ የሚቀንሰው ለኤ.ቲ.ፒ. የዋለው ነው። ቀጥሎ ኤፍ.ሲ.ሲ.ፒ. በ0.5 ማይክሮ ሞላር እየጨመሩ ከፍተኛውን ጫፍ ይፈልጉ። አንድ መጠን ለሁሉም አይሠራም፤ ካለፈ ትንፋሹን ያፍናል፣ «የተጠባባቂ ዐቅም የለውም» የሚል የተሳሳተ ድምዳሜም ይሰጣል። ለወጣትና ለሽማግሌ ለየብቻ ይፈልጉት። በመጨረሻ የማይቶኮንድሪያውን ትንፋሽ የሚያቆሙትን ሮቴኖን 0.5 እና አንቲማይሲን 2.5 ማይክሮ ሞላር ይጨምሩ፤ የሚቀረው ከማይቶኮንድሪያ ውጭ ያለ ስለሆነ ከሁሉም ላይ ይቀነሳል። በጎጆው (ናሙናው በሚገባበት የመሣሪያው ክፍል) ውስጥ የሚጀምረው ኦክስጅን ከባሕር ጠለሉ ያነሰ ስለሆነ ቶሎ ይጎድላል። 40 ማይክሮ ሞላር አካባቢ ሲደርስ ክዳኑን ከፍተው አየር ያስገቡ። ኤታኖል ውስጥ የሟሟው መድኃኒት ስንት ማይክሮ ሊትር እንደገባ ቆጥረው ያንኑ ያህል ኤታኖል ብቻ በሌላ ናሙና ላይ ይሞክሩ። በሁለት ናሙና መካከል ጎጆውን በ70 በመቶ ኤታኖል ደጋግመው ይጠቡ፤ የአንቲማይሲን ቅሪት ቀጣዩን ናሙና ይገድላል።

*መሣሪያ ከሌለ።* ከግሉኮስ ነጻ በሆነ ዲ.ኤም.ኢ.ኤም. ላይ 10 ሚሊ ሞላር ጋላክቶስ ጨምሩ፤ ሴረሙ ስኳሩ የወጣለት ይሁን፣ ፓይሩቬት አይግባ። በጋላክቶስ ላይ ያለ ሕዋስ የሚበቃ ኤ.ቲ.ፒ. ለማግኘት ማይቶኮንድሪያውን መጠቀም ግድ ይሆንበታል። ከ24 ሰዓት ጀምሮ እስከ 72 ሰዓት ድረስ በሕይወት ያለውን ይቁጠሩ፣ ከግሉኮሱ ጋር ያወዳድሩ። ፓይሩቬት ከተረሳና ከገባ የደከመውንም ሕዋስ ይደግፈዋል፤ ልዩነቱም ይጠፋል። ከዚህ ጎን ሚዲየሙ ውስጥ የተለቀቀውን ላክቴት ይለኩ፤ በሽማግሌው ከፍ ማለቱ ወደ ስኳር ማቃጠል ማዘንበሉን ይጠቁማል።

*የማይቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. ቁጥር።* ይህ ዲ.ኤን.ኤ. 16,569 ቤዝና 37 ጂኖች ያሉት ነው። ከማይቶኮንድሪያው ኤን.ዲ.1፣ ከኒውክለሱ ቢ.2.ኤም. ጂኖችን በ5 ናኖ ግራም ዲ.ኤን.ኤ. ላይ ያብዙ። ከኒውክለሱ ሲ.ቲ. (ማሽኑ ምልክቱን ያየበት ዙር) ላይ የማይቶኮንድሪያውን ሲ.ቲ. ይቀንሱ፤ 2ን በዚያ ቁጥር ከፍ አድርገው በ2 ያባዙ። የሁለቱም ፕራይመር ቅልጥፍና ከ90 እስከ 110 በመቶ ካልሆነ ቀመሩ አይሠራም። ኒውክለስ ውስጥ የማይቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. የሚመስሉ ቁራጮች ስላሉ ፕራይመሩን ከመግዛት በፊት በጂኖም ፍለጋ ያጣሩ። ዲ.ኤን.ኤ.ው የወጣበት ዘዴ ውጤቱን ይለውጣል፤ ወጣቱና ሽማግሌው በአንድ ቀን፣ በአንድ ኪት ይውጡ። ቁጥሩ መብዛቱ ግን መሥራቱን አያረጋግጥም፤ ያረጀ ሕዋስ ብዙ ቅጂ ይዞ ደካማ ሊሆን ይችላል።

መብራት ሲጠፋ

ኢንኩቤተሩ ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ ይኑረው፤ ጄኔሬተር ሲነሣ የሚመጣው የቮልቴጅ ዝላይ የዳሳሹን ሰሌዳ ያቃጥላል። መብራት እንደጠፋ በሩን አይክፈቱ። መብራቱ ሲጠፋ የጋዝ ቫልቩ ስለሚዘጋ ጋዙ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ያልተከፈተ በር ሙቀቱንም ጋዙንም ለጥቂት ሰዓት ያቆያል። ከሁለት ሰዓት ካለፈ የፍላስኮቹን ክዳን አጥብቀው፣ ሚዲየሙ ውስጥ 20 ሚሊ ሞላር ሄፔስ (ያለ ጋዝ ፒኤች የሚጠብቅ በፈር) ጨምረው፣ 37 ዲግሪ ውኃ ከተሞሉ ጠርሙሶች ጋር በፎም ሳጥን ውስጥ ያሽጓቸው። ከዚያ ለ48 ሰዓት ምንም ልኬት አይሥሩ። የጠፋበትን ሰዓትና የቆየበትን ጊዜ በእጥፉ መዝገብ ላይ ይጻፉ፤ ከላይ የተነገረው የተሰበረ መስመር የሚፈታው በዚህ ነው።

ቆሻሻና ጥንቃቄ

ኤፍ.ሲ.ሲ.ፒ.፣ ሮቴኖን፣ አንቲማይሲንና ኦሊጎማይሲን የሰውንም ትንፋሽ የሚገድሉ መርዞች ናቸው፤ በጓንት ብቻ ይነኩ፤ ዱቄታቸው በጭስ ማውጫ ሳጥን (ፊዩም ሁድ) ውስጥ ይመዘን። የቤታ ጋላክቶሲዴዙ ማቅለሚያ ፌሪሳያናይድ ስላለበት ከጠንካራ አሲድ ጋር አይቀላቀል፤ የሳያናይድ ጋዝ ሊወጣ ይችላል። ለብቻው ምልክት ባለው ጠርሙስ ይጠራቀም። ዶክሶሩቢሲን የነካው ፈሳሽ በልብስ ማጠቢያ በረኪና ታክሞ ወደ ፍሳሽ አይለቀቅ፤ ከካንሰር መድኃኒት ቆሻሻ ጋር ወደ ማቃጠያ ይሄዳል።

ቁጥሮቹን ከመጻፍ በፊት

ከአንድ ለጋሽ የመጣ ሕዋስ በ96 ጉድጓድ ቢለካም ናሙናው አንድ ነው። ቢያንስ ሦስት ለጋሾች፣ ለእያንዳንዳቸው በተለያየ ሳምንት የተደገመ ልኬት ይኑር። በሰንጠረዡ ላይ ለእያንዳንዱ ረድፍ የለጋሹ ዕድሜና ጾታ፣ የእጥፍ ቁጥሩ፣ የሴረሙ ባች፣ የላቡ የአየር ግፊት፣ የሚዲየሙ የተለካ ፒኤች፣ ለቤታ ጋላክቶሲዴዝ የቀለሙት ሕዋሳት መቶኛ ይግባ። የማይቶኮንድሪያው ውጤት በሕዋስም በፕሮቲንም ተካፍሎ በሁለት ዓምድ ይቀመጥ።